ታናሽ ወንድሜ የበረዶ ናዳ ሥልጠና ገብቷል፤ ልከልክለው ወይስ ልመርቀው?

እህት፣ ከጂማ፦

በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከዚሁ ከጂማ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ያሳደግሁት ታናሽ ወንድሜ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር ይኖራል፤ ከሄደ አምስት ዓመት ሆነው። ባለፈው እሑድ ሲደውል ለእናታችን ቤት ቆርቆሮ መለወጫ ሊልክ ያሰበው ገንዘብ አንድ ወር እንደሚዘገይ ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ስኖውቦርድ (በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ሰሌዳ) ይዞ ጠባቂ ወደሌለው ተራራ ለመውጣት እንዳሰበ፣ ለዚህም ስለ በረዶ ናዳ የሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና መመዝገቡን፣ ለመሣሪያም ገንዘብ ማውጣቱን ገለጸልኝ። ከገዛቸው ዕቃዎች መካከል አካፋ ሲጠራልኝ፣ አካፋ ለምን አልሁት። «ሰው ከተቀበረ ለማውጣት» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

የሳሎኑ ቆርቆሮ ዝጎ ስለተበሳ ባለፈው ክረምት ሦስት ሳፋ ደርድረን ነው ያሳለፍነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄዬ ስለ ቆርቆሮው አይደለም። ይህ ሥልጠና ልጁን የሚጠብቀው ነው ወይስ ጭራሽ ወደ አደጋው የሚያደፋፍረው? እንደ ታላቅ እህትነቴ ልከልክለው ይገባኛል? እናታችን ገና አልሰማችም።

የጅሬን ልጅ፣ ከዴንቨር፦

እህቴ፣ እኔም ይህንኑ ሥልጠና ከሦስት ዓመት በፊት ወስጃለሁና የማውቀውን ላካፍልሽ። በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሰው ከፍሎ በሚንሸራተትበት ማዕከል ውስጥ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ማለዳ ወጥተው አደገኛውን በረዶ በፈንጂ ጭምር አስቀድመው ያወርዱታል። ከማዕከሉ ክልል ውጭ ባለው ተራራ ላይ ግን ይህን የሚያደርግ ሰው የለም፤ እዚያ የሚወጣ ሁሉ ለራሱና ለጓደኛው ጠባቂ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ናዳው እንዴት እንደሚፈጠር በጂማ ምሳሌ ላስረዳሽ። በተዘነበለ ሰሌዳ ላይ ደረቅ የቡና ፍሬ አፍስሰሽ በላዩ ሰፊ ጣውላ ብትጭኚበት፣ ጣውላው ለጊዜው ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ሲረግጠው ግን ፍሬው ከሥሩ ይንከባለልና ጣውላው እንዳለ ይወርዳል። በኮሎራዶ ተራሮች የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚጥለው ስስ በረዶ በብርዱ ብዛት እንደ ስኳር የተፈረፈረ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ይሆናል፤ በኋላ የሚጥለውና ነፋስ የሚከምረው ደግሞ በላዩ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ሰው ከሚሞትባቸው አደጋዎች በዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉን የሚቀሰቅሰው ራሱ ተጎጂው ወይም ከቡድኑ አንዱ ነው። አደጋው ሳይታሰብ ከሰማይ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ሥልጠናው ምንም ባልጠቀመ ነበር።

በሦስቱ ቀናት የተዳፋቱን ዲግሪ መለካት፣ የግዛቱ የናዳ መረጃ ማዕከል የሚያወጣውን ዕለታዊ ትንበያ ማንበብ፣ በረዶውን ቆፍሮ ንብርብሩን መመርመር፣ አደገኛውን ቦታ አንድ በአንድ መሻገር ይማራል። ትንበያው ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ይወጣል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው 5 በተባለበት ቀን ሳይሆን 3 በተባለበት ቀን ነው፤ በ5 ቀን ሰው ቤቱ ይቀመጣልና። አንዱ ምርመራ 30 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የበረዶ ዓምድ ከርክሞ፣ አካፋውን ከላይ አስቀምጦ፣ በእጅ መምታት ነው፦ መጀመሪያ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ ቀጥሎ 10 ጊዜ ከክርን፣ በመጨረሻ 10 ጊዜ ከትከሻ። እኔ ስሞክረው፣ ገና በክርን መምታት እንደጀመርሁ ዓምዱ ከመሐሉ ተቆርጦ እንደ መሳቢያ ወደ እኔ ተንሸራተተ። ትንሽ ቀደም ብዬ ያን ተዳፋት ውብ ነው ብዬው ነበር።

ስለ ገንዘቡም እውነቱን ልንገርሽ፤ ሥልጠናው እዚህ 600 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፣ መሣሪያውም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ቀላል ገንዘብ አለመሆኑን አውቃለሁ።

ጋሼ፣ ከሚኒያፖሊስ፦

ልጄ፣ ማብራሪያህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እህታችን የጠየቀችው በረዶ እንዴት እንደሚናድ አይደለም፤ ልከልክለው ወይ ነው ያለችው። እኔ እላለሁ፦ ትከልክለው። ከ30 ዓመት በላይ በዚህ አገር ስኖር የዕድራችን አባል ሆኜ የስንት ወጣት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ እንዳሰባሰብሁ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። በመኪና አደጋ የሞተ አለ፣ በሥራ ላይ የሞተ አለ፤ እነዚያ ሲሞቱ እንጀራ ፍለጋ ላይ ነበሩ። እናቱ ቤት ሳፋ ተደርድሮ፣ እርሱ 1,200 ዶላር ከፍሎ ሞት ወዳለበት የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ስኪ የእኛ ነገር አይደለም።

ነርስ፣ ከካልጋሪ፦

ጋሼ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን «የእኛ ነገር አይደለም» በሚለው አልስማማም። ሮቤል ተክለማርያም ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል።

እኔ እዚህ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ጨለማ ወጥቼ ጨለማ የምገባበት ጊዜ ነበር። የጂማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ስለናፈቀኝ ስልኬ ላይ ቀድቼ እየሰማሁ እተኛ ነበር። በረዶ ግን ድምፅ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ጠዋት በሩን ይዘጋብሻል። ከዚያ ዝምታ ያወጡኝ ወደ ተራራ የወሰዱኝ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው። ስለዚህ ልጁ የሚፈልገው ጨዋታ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሰው ፈልጎ ይሆናል።

እኔም በካናዳ የሚሰጠውን የሁለት ቀን መግቢያ ሥልጠና ወስጃለሁ። በሙያዬ ምክንያት ልቤን የያዘው የደቂቃው ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ፣ ከዐሥር ዘጠኝ ያህሉ በሕይወት ይገኛል፤ ግማሽ ሰዓት ከሆነው ግን የሚተርፈው ከሦስት አንዱ ገደማ ብቻ ነው። የነፍስ አድን ቡድን በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደርስም፤ የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። በደረት ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ምልክት ይልካል፤ ሌሎቹ የራሳቸውን ወደ ፍለጋ ቀይረው ይከተሉታል፣ በረጅም ዘንግ በረዶውን እየወጉ ያለበትን ቦታ ይለያሉ፣ በአካፋ ይቆፍራሉ። የወረደ በረዶ ወዲያው እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠጥር በእጅ አይቆፈርም። አካፋው ያስደነገጠሽ እህቴ፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ ያለ አካፋ ቢወጣ ነበር።

መምህር፣ ከጂማ፦

የናዳ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልሁም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጀመሪያ የተናደው አፈር የቀበራቸውን ለማውጣት ጎረቤቱ ሁሉ ተሯሩጦ ሲቆፍር፣ ሁለተኛው ናዳ በእነርሱ ላይ ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡ ነበሩ። የሥልጠናው ሰዎች ይህን ያስተምራሉ ወይ?

የጅሬን ልጅ፣ ከዴንቨር፦

መምህር፣ የነፍስ አድኑ ልምምድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አሠልጣኙ አሻንጉሊት ቀብሮ «ጓደኛችሁ ተቀበረ» ሲለን ሁላችንም ሮጥን፤ እርሱ ግን በፉጨት አስቆመንና «ከላይ የቀረውን በረዶ ማን አየ?» ብሎ ጠየቀን። ማንም አላየም ነበር። ልምምዱን እንደገና አስጀመረን።

ጋሼ፣ እርስዎንም በአክብሮት ልመልስልዎ። ሥልጠና የወሰደ ሰው አይሞትም አላልሁም፤ ሠልጥነው የሞቱ ብዙዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው አለማወቅ ሳይሆን፣ እያወቁ ዝም ማለት ነው። የሌላው ሰው ዱካ ስላለ፣ ቦታውን ስለለመዱት፣ ከቡድኑ አንዱ ዐዋቂ ስለሆነ፣ ያን ያህል ርቀት ነድተው መመለሱ ስለሚያሳፍር ይቀጥላሉ። ይህን እኛ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፦ ይሉኝታ። በሥልጠናው ክፍል ውስጥ እንደ እኔ የገባው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከመካከላቸው ጥቁሩ እኔ ብቻ፣ ጀማሪው እኔ፣ እንግሊዝኛው የሚተናነቀኝም እኔ ነኝ፤ እንዲህ ሆኜ «ፈራሁ፣ እንመለስ» እንዴት እላለሁ? አሠልጣኙ ግን ደንቡን አስቀመጠ፦ ከቡድኑ አንድ ሰው «አይሆንም» ካለ ሁሉም ይመለሳል፣ ምክንያት አይጠየቅም። እህቴ፣ ከመከልከልሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂው፤ አብረውት የሚወጡት ሰዎች ፊት «እንመለስ» ለማለት ይችላል ወይ?

ጋሼ፣ ከሚኒያፖሊስ፦

ይሉኝታን በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም፤ እውነት አለበት። ነገር ግን ይሉኝታ መልካምም ነው፤ እናቱ ቤት ዝናብ ሲገባ «ሰው ምን ይለኛል» ቢል ኖሮ ቆርቆሮውን ባስቀደመ። ደግሞስ ጉዳት ቢደርስበት ወጪውን ማን ይሸፍናል? እንደገና እኛው አይደለንም?

የጅሬን ልጅ፣ ከዴንቨር፦

በኮሎራዶ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለፍለጋና ለማዳን ገንዘብ አይጠይቁም። የሕክምና ሄሊኮፕተርና የሆስፒታል ወጪ ግን የራሱ ነው፤ የጤና ኢንሹራንስ ከሌለው ሥልጠና ቢወስድም አይውጣ፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር አንድ ነኝ። ስለ ቆርቆሮው ግን፣ ልጁ ለእህቱ እውነቱን ተናግሯል። «ሥራ ቀንሶብኝ ነው» ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

ጋሼ፣ ከሚኒያፖሊስ፦

እውነት መናገሩን አመሰግናለሁ፤ መዘግየቱን ግን አላመሰግንም። የአንድ ወር ነገር ሁለት ወር እንደሚሆን ከልምድ አውቃለሁ፤ በጂማ ደግሞ ዝናቡ ከመጋቢት አይዘልም። አናጢም በዚያን ጊዜ አይገኝም።

እህት፣ ከጂማ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ደወልሁለትና የተባልሁትን ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን በርተድ ፓስ በሚባል ቦታ ሲሄዱ፣ ከእግሩ ሥር በረዶው «ዉፍ» ብሎ ሲሰምጥ መስማቱን፣ ይህም የአደጋ ምልክት መሆኑን በክፍል ተምሮት ሳለ፣ አዲስ ስለሆነ ሌሎቹ ይናገሩ ብሎ ዝም ማለቱን ነገረኝ። አሠልጣኙም ሰምቶ ኖሮ ሁሉንም አቁሞ፣ «የሰማችሁ እጅ አውጡ» ሲል ስድስት ሰው እጁን አወጣ። ስድስቱም ዝም ብለው ነበር።

ልከልክለው ወይስ ልተወው ገና አልወሰንሁም፤ ጋሼ ያሉትም ከልቤ አልወጣም። ነገር ግን የሚወጣበትን ቀን፣ አብሮት የሚወጣውን ሰው ስምና ስልክ፣ የሚመለስበትንም ሰዓት አስቀድሞ እንዲልክልኝ ተስማምተናል። ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ እወርዳለሁ ብሎኛል፤ በእኛ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ። የጅሬን ልጅ፣ በዚያ ሰዓት ባይደውል ከዚህ ሆኜ ለማን እንደምደውል አላውቅምና፣ ፈቃድህ ከሆነ ስልክ ቁጥርህን በግል ላክልኝ።