ከማስታወቂያ ቤት ወደ ጌም ኮንሴፕት አርት፦ ከየት ልጀምር?

የሳሪሱ ሰዓሊ

ሰላም ናችሁ? 24 ዓመቴ ነው። ሳሪስ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ቀን ቀን ባነርና የሠርግ ካርድ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ እስላለሁ። ሕልሜ የቪዲዮ ጌም ኮንሴፕት አርቲስት፣ ማለትም ጌሙ ከመሠራቱ በፊት ገጸ ባሕሪውንና ቦታውን በሥዕል የሚነድፍ ሰው፣ መሆን ነው።

እስካሁን ወደ 40 የሚሆኑ ሥዕሎች አሉኝ። አብዛኞቹ ጎራዴ የያዙ ተዋጊዎች ናቸው። ለሁለት ድርጅቶች ልኬ ነበር፤ መልስ የለም። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው። ጓደኛዬ አይፓድ ካልገዛህ አይሆንም ይለኛል። በዶላር የሚከፈል የኦንላይን ኮርስ አይቼም ልቤ ከጅሏል፤ ግን የአምስት ወር ደሞዜን ይፈጃል። ሥራዬን ትቼ ልግባበት? ኤአይ ባለበት ዘመንስ ያዋጣል? እውነቱን ንገሩኝ።

እህት ከስቶክሆልም

ወንድሜ፣ ሥራህን አትተው። ይህን ቀድሜ ልበልህ።

በዚህ ሙያ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል እሠራ ነበር። መጀመሪያ ለድርጅቶች የላክኋቸው 30 ሥዕሎች ሁሉም የሚያምሩ ፊቶች ነበሩ። የመለሰልኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ፈተና ላከልኝ። «የአንድ ምሽግ በር ሳዪልን» ይላል።

አራት ቀን ሙሉ ደከምኩበት። የእንጨቱ ስንጥቅ፣ የዛገው ብረት፣ በላዩ የሚወርደው የጨረቃ ብርሃን፣ ምንም አልቀረውም። ሦስት ጥያቄ መጣልኝ። በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው? ማጠፊያው የት አለ? ተጫዋቹ በሩ እንደሚከፈት ከሩቅ በምን ያውቃል? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ሥራውን አላገኘሁም።

ግን ሙያው የገባኝ ያን ቀን ነው። ኮንሴፕት አርት ሌላ ሰው አይቶት እንዲሠራበት የምትሰጠው ነገር ነው። ተጫዋቹ ያንተን ሥዕል ጭራሽ ላያየው ይችላል። የሚያየው ሞዴለሩ፣ ማለትም በኮምፒውተር ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ቅርጽ የሚያወጣው ባለሙያ፣ ከሥዕልህ ተነስቶ የሠራውን በር ነው። አሁን አንድ ጭራቅ ሳል ሲሉኝ በቀለም አልጀምርም። ከአውራ ጣት የማይበልጡ 20 ወይም 30 ጥቁር ቅርጾች እስላለሁ። በጥቁሩ ብቻ ካልተለየ ቀለም አያድነውም። ከዚያ ሁለት ሦስቱ ይመረጣሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም ይጣላሉ። መጣሉን መልመድ አለብህ።

ስለዚህ ተዋጊዎቹን ለጊዜው አስቀምጣቸው። አንድ ነገር ያዝና «ለምን እንዲህ ሆነ?» እያልክ ሳል። እኔ ሁልጊዜ የምጠቅሰው የዶርዜን ቤት ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጣ ታየዋለህ። በቀርከሃ የተጠለፈ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል። ሲሠራ በጣም ረጅም ተደርጎ ነው። ለምን? ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። በየጊዜው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ያጥራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ያዛውሩታል። እስቲ አስበው፤ ቁመቱን አይተህ ዕድሜውን ትገምታለህ! አጭሩ ቤት የሽማግሌ ነው፣ ረጅሙ የአዲስ ሙሽሮች ነው ብለህ አንድ መንደር መሳል ትችላለህ። ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። እንደዚህ ያለ ሥዕል የያዘ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ስብስብ) ቢመጣልኝ አላልፈውም።

አይፓድ የግድ አይደለም። ክሪታ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነጻ ነው፤ የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያው ብሌንደርም ነጻ ነው። ከላፕቶፕህ ጋር የሚገናኝ ስክሪን የሌለው ትንሽ የሥዕል ታብሌት፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ይበቃሃል፤ እኔ ሦስት ዓመት የሠራሁት በእሱ ነው። ብሌንደር ላይ ቤቱን በተራ ሳጥኖች ታቆመዋለህ፣ ካሜራውን ታዞራለህ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ትስላለህ። 8 ጊጋ ለዚህ ያህል አያንስም። ገንዘብህን ለኮርስ ከማውጣትህ በፊት ፌንግ ዙ የሚባለው ዲዛይነር ዩቲዩብ ላይ «ዲዛይን ሲኒማ» ብሎ በነጻ የለቀቃቸውን ትምህርቶች ተከታተል።

እውነቱን ስላልክ፦ ጊዜው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 የጌም ድርጅቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሰናብተዋል። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ከጀማሪ ጋር ለአንድ ቦታ ይወዳደራል። ኤአይም የመጀመሪያ ሐሳብ የማውጣቱን ሥራ ነክቶታል። ማጠፊያው የት እንደሚገባ አስቦ የሚመልስ ሰው ግን እኛ ጋ አሁንም ይፈለጋል። ደሞዝህን ይዘህ ማታ ማታ ሥራ።

ሞዴለር ከአዲስ አበባ

እህታችን ያለችው ልክ ነው። እኔ ሥዕሉን የምቀበለው ሰው ነኝ። ቆንጆ ሥዕል ይመጣልኛል፤ ከፊት ብቻ ነው። ጀርባውን ከየት ላምጣ? ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ስጠኝ። አጠገቡ ሰው አቁምልኝ፣ ልኩን እንዳውቀው። ቀበቶው ቆዳ ይሁን ጨርቅ ጻፍበት። ይህን የሚያደርግ ሰዓሊ ካገኘሁ ለሚቀጥለውም ሥራ እሱኑ ነው የምጠራው።

እዚሁ አገር ውስጥም ተመልከት። እንደ «ኩኩሉ» ያለ የሞባይል ጌም ከአዲስ አበባ ወጥቷል። ቡድኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ ኮንሴፕት ብቻ የሚሠራ ሰው አይቀጥሩም። ገጸ ባሕሪውንም፣ አይከኑንም፣ የሜኑውን ቁልፍም አንተው ትሠራለህ። የማስታወቂያ ቤት ልምድህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል።

የሳሪሱ ሰዓሊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ከሥራ ስወጣ በራችን ላይ የሚቀመጠውን የሊስትሮ ልጅ ሳጥኑን ልሳልልህ ብዬ ለመንኩት። ሁለት ዓመት በየቀኑ እግሬን አስቀምጬበታለሁ፤ አይቼው አላውቅም ለካ። እግር የሚያርፍበት እንጨት መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ማንገቻው የመኪና ቀበቶ ነው። ቀለሙና ብሩሹ በጎን በኩል ይገባሉ። ከሥሩ ደግሞ ስስ ጣውላ አለ፤ ገፋ ሲያደርገው ብር የሚደብቅበት ቦታ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ሳልኩት። ጣውላውን ግን እንዴት አድርጌ እንደማሳይ አላወቅኩም።

እህት ከስቶክሆልም

ጎሽ! ጣውላውን ተዘግቶ አንድ፣ በግማሽ ተከፍቶ አንድ፣ ከጎኑ ለብቻ አጉልተህ ሳለው። የሚገፋበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክት። የልጁን ጣትም ጨምርበት፤ ሞዴለሩ ልኩን ከጣቱ ያገኛል። ስትጨርስ እዚህ ለጥፈው፣ እንየው።