የድንጋይ መሣሪያውን የሠራው ወንድ ነው ወይስ ሴት? በምን ይታወቃል?

የሐዋሳው መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ስለ ድንጋይ ዘመን ሳስረዳ «ወንዱ ያድናል፣ ሴቷ ትለቅማለች» ብዬ እንደ ዘበት አለፍኩት። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ድንጋዩን የቀረጸው ወንድ መሆኑ በምን ታወቀ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። በቁፋሮ ከተገኘ መሣሪያ ተነስቶ የሥራ ክፍፍሉን ማወቅ ይቻላል?

ባልጩት፦
መምህር፣ ድንጋዩ ብቻውን የሠሪውን ጾታ አይናገርም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በኮንሶ ድንጋይ እየቀረጹ ቆዳ የሚፍቁት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ሙያውንም ከእናቶቻቸውና ከሴት ዘመዶቻቸው ይማሩታል፤ በጋሞ ደግሞ ይኸው ሥራ የወንዶች ነው። የሁለቱ መፋቂያ ከብዙ ዘመን በኋላ ተቆፍሮ ቢወጣ፣ ቆፋሪው ሁለቱንም ለወንድ መስጠቱ አይቀርም ብዬ እፈራለሁ። መቃብር ሲገኝ ግን ነገሩ ይለያል። በፔሩ ተራሮች ዊላማያ ፓትህጃ በተባለ ስፍራ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረ፣ ዕድሜው ከ17 እስከ 19 የሚገመት ሰው ከጦር ጫፎች ጋር ተገኝቶ፣ የጥርሱ ፕሮቲን ሲመረመር ሴት ሆና ተገኘች። ጥናቱ የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው።

ተጠራጣሪው፦
መሣሪያው ከሟቿ ጋር መቀበሩ አዳኝ ነበረች ለማለት በቂ አይመስለኝም፤ ቤተሰብ በስጦታ ሊያኖረው ይችላል። በታንዛንያ እያደኑና እየለቀሙ በሚኖሩት በሀድዛዎች ዘንድ ዛሬም ቀስት የሚይዙት ወንዶች፣ በመቆፈሪያ እንጨት ሥራሥር የሚያወጡት ሴቶች ናቸው።

ባልጩት፦
ሀድዛዎችን በተመለከተ እስማማለሁ፤ ሆኖም የፊሊፒንስ አግታ ሴቶች ውሻ አስከትለው ሲያድኑ ተመዝግቧል። ስለ ስጦታው ግን፣ ሟቹ ወንድ ሲሆን ይህን ጥያቄ ስንቶቻችን አንስተናል?

የሲዳማ ልጅ፦
እኔ የምጨምረው ስለማይገኘው ነገር ነው። እንሰቱን የሚተክለው አባቴ ነው፤ የምትፍቀው ግን እናቴ ናት። ሽፋኑን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፣ አንድ እግሯን አንስታ በተረከዟ ትይዘውና በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትገፋዋለች፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል። መፋቂያውም፣ ሳንቃውም፣ ቅጠሉም ይበሰብሳሉ። ዓመቱን ሙሉ ያበላን ሥራ ለቆፋሪ አንድ ስንጥር አይተርፈውም፤ የአባቴ የጦር ብረት ግን ይቀራል።

የሐዋሳው መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ መፋቂያውን ለተማሪዎቹ ባሳይ ደስ ይለኛል። ከየት አገኛለሁ?

የሲዳማ ልጅ፦
የእናቴን አመጣልዎታለሁ፤ አርብ ግን ይመልሱልኝ፣ ቅዳሜ ትፍቅበታለች።