ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት የእንግሊዝ ፍርደኞች ከደረሱ በኋላ እንዴት ይኖሩ ነበር?

ሰላማዊት፦
ጤና ይስጥልኝ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ከ160,000 በላይ ፍርደኞችን ወደ አውስትራሊያ ማጋዟን አንብቤአለሁ፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ መርከቡና ስለ ጅራፉ ብቻ ነው። ከመርከብ የወረደ ሰው ኑሮው ምን ይመስል ነበር? የሰባት ዓመት ፍርዱን የጨረሰውስ ለምን ወደ አገሩ አልተመለሰም? የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ዳዊት፦
እህቴ ሰላማዊት፣ መርከቡም ቢሆን የሚታለፍ አይደለም። በ1790 ሲድኒ የደረሰው ሁለተኛው የመርከብ ጓድ ከጫናቸው አንድ ሺህ ገደማ ፍርደኞች ሩብ ያህሉ በመንገድ አልቀዋል፤ ተቋራጮቹ የሚከፈላቸው በጫኑት ሰው ቁጥር እንጂ በሕይወት ባደረሱት ስላልነበረ፣ ስለ ሰዎቹ ጤና የሚጨነቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። መቆም ያቃታቸው በሸክም ወረዱ፤ በጀልባ ወደ ዳርቻ ሲወሰዱ የሞቱም ነበሩ። ከ1815 ጀምሮ በየመርከቡ ተቆጣጣሪ ሐኪም ሲመደብ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አብዛኞቹ የታሰሩት በወኅኒ ግንብ ውስጥ አልነበረም። መንግሥት ለሰፋሪዎች ያለ ደመወዝ ይመድባቸዋል፤ ጌታው ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ ይሰጣል፣ ፍርደኛው ደግሞ በግ ይጠብቃል፣ ጫካ ይመነጥራል። ጌታው በገዛ እጁ እንዲገርፈው ሕጉ ስለማይፈቅድ ዳኛ ፊት ማቅረብ ነበረበት፤ ነገር ግን ዳኛው ብዙውን ጊዜ ራሱ ፍርደኞችን የሚያሠራ ባለርስት ነበርና ፍትሕ ማግኘት ቀላል አልነበረም። እንደ እኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ፍርድ የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች፣ እንደ ጌታቸው ጠባይ፣ ፈጽሞ የተለያየ ኑሮ ይገጥማቸው ነበር። ጠባዩ የተመሰገነለት ፍርደኛ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአመክሮ ጋር የሚመሳሰል የፈቃድ ወረቀት አግኝቶ በተወሰነለት ወረዳ ለራሱ ሠርቶ ያድራል፤ ካጠፋ ግን ወረቀቱ ይነጠቃል።

መቅደስ፦
ዳዊት ባሉት ላይ የሴቶቹን ነገር ልጨምር። ከተጋዙት ውስጥ 25,000 ገደማ የሚሆኑት ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በሰው ቤት አገልጋይ ሆነዋል፤ ጌታ ያልተገኘላቸው፣ ያረገዙና ያጠፉ ሴቶች ደግሞ ፓራማታ በነበረው የሴቶች ማቆያ ሱፍ ይፈትሉ ነበር። ፍርዱን የጨረሰ ሰው እንዳይመለስ በሕግ አልተከለከለም፤ ሆኖም መንግሥት የመመለሻውን የመርከብ ዋጋ አይከፍልም። ወንድ ቢሆን በመርከበኝነት ተቀጥሮ ሊሄድ ይችላል፤ ለድኻ ሴት ግን ይህ በር ዝግ ስለነበረ የሰባት ዓመቱ ፍርድ የዕድሜ ልክ ይሆንባት ነበር።

በርግጥ የተሳካላቸውም አሉ። በልጅነቷ በፈረስ ስርቆት የተጋዘችው ሜሪ ራይቢ ባለጸጋ ነጋዴ ሆና፣ ዛሬ ምስሏ በአውስትራሊያ የ20 ዶላር ኖት ላይ ይገኛል። ሰነድ በማጭበርበር የተፈረደበት ፍራንሲስ ግሪንዌይም በ1819 የተጠናቀቀውን የሃይድ ፓርክ የፍርደኞች ማደሪያ የነደፈ አርክቴክት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው ግን ጥቂቶች ናቸው።

ዳዊት፦
መቅደስ ትክክል ብለዋል። ለመቅረታቸው መሬትም አንድ ምክንያት ነበር፦ በቅኝ ግዛቱ የመጀመሪያ ዘመን ነጻ ለወጣ ላላገባ ወንድ 30 ኤከር፣ ላገባ ደግሞ ተጨማሪ 20 ኤከር ይሰጠው ነበር። ያ መሬት ግን ባለቤት ያልነበረው ባዶ ምድር አልነበረም፤ በሲድኒ አካባቢ የጋዲጋልና የሌሎች ነባር ሕዝቦች አገር ስለነበረ፣ የፍርደኞቹን ታሪክ የሚያነብ ሰው የእነሱንም መፈናቀል አብሮ ማንበብ ይገባዋል።