ባካፑ በኔትወርክ አልሄድ አለ፣ ዊንዶውስም ማክም ኡቡንቱም ያለበት ቢሮ ነው

የህትመት_ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ለገሃር አካባቢ ትንሽ የዲዛይንና የህትመት ቢሮ አለን የአይቲውን ነገር የምይዘው እኔ ነኝ። ሶስት ዊንዶውስ (ሁለቱ 11፣ አንዱ 10)፣ ሁለት ማክ፣ ጥግ ላይ ደሞ ኡቡንቱ ሰርቨርና ሳምባ (ፎልደር ለዊንዶውስና ለማክ በኔትወርክ የሚያጋራው ፕሮግራም) የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ አለ፣ ሼር ፎልደሩ ያለ ፓስወርድ ለሁሉም ክፍት ነው። ሁሉም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወደዛ ባካፕ እንዲያደርጉ ነው ያዘጋጀሁት፣ ማኮቹ ከታይም ማሽኑ (የማክ የራሱ ባካፕ) ሌላ የስራ ፎልደራቸውን በአርሲንክ (ፋይል መገልበጫ ፕሮግራም) ይልካሉ፣ ከዛ ሰርቨሩ ራሱ ሁሉንም ኤክስኤፍኤቲ በሚባለው ፎርማት ወደተዘጋጀ ኤክስተርናል ዲስክ ይገለብጣል፣ ኤክስኤፍኤቲ የሆነው ባለቤቱ ይዞት ሄዶ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲከፍተው ነው።

አሁን ግን ምኑም አይሰራም። ሁለቱ ዊንዶውስ 11 አፕዴት ካደረጉ ወዲህ ሼር ፎልደሩን ጭራሽ አይከፍቱትም፣ የድርጅትህ ሴኩሪቲ ፖሊሲ ጌስት አክሰስ (ያለ ፓስወርድ መግባት) ይከለክላል ምናምን ይላል (ማንም ፖሊሲ አላወጣም!)፣ 10 ያለው ግን ይከፍታል። ታይም ማሽን ጀምሮ መሃል ላይ ያቆማል፣ አንደኛው ማክ ጭራሽ አዲስ ባካፕ ከዜሮ ልጀምር እያለ ነው። አርሲንኩ ደሞ ቀን በእጄ ሳስኬደው ሁልጊዜ ኮድ 23 ብሎ ነው የሚጨርሰው። አንድ ሰው ኤስኤምቢ1ን (የድሮውን የፎልደር ማጋሪያ ዘዴ) አብሪው ሁሉም ይስተካከላል አለኝ፣ ላብራው? የደንበኞች ስራ ነው ያለው እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ካዛንቺስ_ኔትወርክ፦
እህቴ ኤስኤምቢ1ን እንዳትነኪው። በ2009 ግንቦት ላይ ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በሱ ቀዳዳ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ዊንዶውስ 10 ራሱ ከ1709 ቨርዥን ጀምሮ አዲስ ሲጫን ኤስኤምቢ1ን ይዞ መምጣት ያቆመው። ባካፕ ያለበትን ሰርቨር ለራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ቫይረስ) በር ከፍቶ መስጠት ማለት ነው፣ ደሞ ያንቺን ችግር አይፈታውም።

ያንቺ ችግር ሌላ ነው። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 ቨርዥን ጀምሮ ፕሮ ላይ ሁለት ነገር ቀይሯል፣ አንደኛ ያለ ፓስወርድ በጌስት መግባትን በነባሪ ዘግቷል፣ ሁለተኛ የኤስኤምቢ ሳይኒንግ (የሚላከው ሁሉ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ) ግዴታ አድርጓል፣ ጌስት ደሞ ፓስወርድ ስለሌለው ሳይን ሊደረግ አይችልም። ሰርቨርሽ ለሁሉም ክፍት ነው ስላልሽ የሚጋጨው እዛ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር) ገብቶ ጌስቱን መልሶ ያበራዋል፣ እኔ አልመክርም። ሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ የሳምባ ዩዘርና ፓስወርድ ፍጠሪ፣ ዊንዶውሱ ላይ ክሬደንሻል ማናጀር (ፓስወርድ ማስቀመጫው) ውስጥ አስቀምጪው፣ በቃ ይገባል። እግረ መንገድሽን አንዱ ማሽን የሌላውን ባካፕ ማየትም ማጥፋትም እንዳይችል አድርጊ፣ ቫይረስ አንዱን ቢይዝ የሁሉም ባካፕ አብሮ እንዳይጠፋ።

10 ያለውን ስለሚከፍት ብቻ ጤነኛ ነው ብለሽ አትተዪው፣ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

ፊደል_ሰራተኛ፦
እኔ ስለ ኮድ 23 ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ላይ በተለየ የሚመጣ ነገር ስላለው። 23 ማለት የተወሰነው ሄዷል የተወሰነው አልሄደም ማለት ነው እንጂ ሁሉም ከሸፈ ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ሎጉን ክፈቺና ያልሄዱትን ፋይሎች ስም አንድ በአንድ እያቸው። ፋይሉ ራሱ ምንም አይሆንም፣ ችግሩ ስሙ ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ።

አንዱ ርዝመት ነው። ኡቡንቱ ላይ ባለው ኤክስት4 በሚባለው የዲስክ ፎርማት የፋይል ስም የሚለካው በባይት ነው፣ ጣሪያው 255 ባይት። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) እያንዳንዱ ሶስት ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ዊንዶውስ ደሞ በባይት ሳይሆን በፊደል ስለሚቆጥር 255 ፊደል ይፈቅዳል፣ ማኩም እንደዛው ብዙ ይችላል። ዲዛይነሮች ደሞ ታውቂያለሽ «የምስረታ በዓል መጽሔት የፊት ሽፋን በደንበኛው አስተያየት የታረመ የመጨረሻ እንደገና የታረመ ለማተሚያ ቤት የተላከ» ብለው ነው የሚሰይሙት፣ እሱ ማክ ላይ ያለ ምንም ችግር ይቀመጣል ትንሽ ከረዘመ ግን ሰርቨሩ አልቀበልም ይላል። ፎልደሩ ኢንክሪፕት የተደረገው በኢክሪፕትኤፍኤስ (በሊኑክስ የፎልደር መቆለፊያ ዘዴ) ከሆነ ደሞ ጣሪያው 143 ባይት ነው፣ ማለትም ወደ 47 ፊደል ገደማ ብቻ።

ሌላው ህዝባር (/) ነው። ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ዓ/ም እያልን እንጽፋለን አይደል፣ ማኩ ፋይንደር (የፋይል ማሳያው) ውስጥ ይህንን ይፈቅዳል፣ ከስር ግን ዲስኩ ላይ የሚያስቀምጠው እንደ : አድርጎ ነው። ወደ ኡቡንቱው በአርሲንክ ሲሄድ በዛው በ: ይገባል፣ ከሰርቨሩ ወደ ኤክስኤፍኤቲ ዲስክ ሲገለበጥ ግን ኤክስኤፍኤቲ ይህን ምልክት ስለማይቀበል ኢንቫሊድ አርጉመንት ብሎ ይጥለዋል። የኛ ሁለት ነጥብ ፡ ሌላ ፊደል ስለሆነ ችግር የለውም፣ ነጥብ አድርገው ወ.ሮ ቢሉም ይሄዳል።

ሶስተኛ ኤክስኤፍኤቲ የፋይል ባለቤትና ፐርሚሽን የሚባል ነገር አያስቀምጥም፣ አርሲንኩን በ-ኤ (-a፣ የፋይሉን ባለቤትና ፐርሚሽን አብሮ በሚወስደው ምርጫ) ካስኬድሽው እሱን ሊያስተካክል ሲሞክር ለእያንዳንዱ ፋይል ስህተት ይጽፋል፣ እሱም 23 ይሰጣል። በ-አርቲ (-rt፣ ፎልደሮቹንና የፋይሉን ሰዓት ብቻ በሚወስደው) ብቻ አስኪጂው፣ የማይረቡት መስመሮች ጠፍተው እውነተኞቹ ስህተቶች ይታዩሻል። ስሞቹን ደሞ በእጅሽ ከመቀየርሽ በፊት ዲዛይነሮቹን አናግሪያቸው፣ ኢንዲዛይን (የገጽ ዲዛይን ፕሮግራሙ) ውስጥ ሊንክ የተደረገ ፎቶ ስሙ ከተቀየረ ሊንኩ ይበጠሳል።

ብሔራዊ_ዙሪያ፦
አንድ ጥያቄ፣ ማታ ቢሮ ስትዘጉ ብሬከር የሚያጠፋ ሰው አለ? ደሞ ሰርቨሩ ላይ ሰዓቱን እዪው፣ ኡቡንቱ ሰርቨር በነባሪ ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) ላይ ነው የሚሆነው፣ እኛ ደሞ ከሱ በሶስት ሰዓት እንቀድማለን። የኛ ሌሊት 8 ለኮምፒውተር 2፡00 ነው፣ ክሮን (ስራ በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ 2 ብለሽ ጽፈሽ ታይምዞኑ ዩቲሲ ከሆነ የሚነሳው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። የማኮቹ ሰዓት ግን የአዲስ አበባ ስለሚሆን አይገናኙም።

የህትመት_ቤቷ፦
ተባረኩ ሁላችሁም። የዊንዶውሱ በዩዘርና ፓስወርድ ገባ፣ ሁለቱም እየላኩ ነው። ሎጉን አየሁት፣ አብዛኛው የፐርሚሽን ነው፣ ከሱ ሌላ ያሉት ግን በሙሉ ወይ ረጅም ስም ወይ ት/ቤት እና ወ/ሮ ያለባቸው ናቸው፣ በተለይ የምረቃ መጽሔት ፎልደሮች። ብሬከሩን አዎ፣ የህንፃው ጥበቃ እሳት እንዳይነሳ ብሎ ማታ 3 ሰዓት ላይ ፎቁን በሙሉ ያጠፋዋል፣ እሱን ደሞ አጥፋ ያለው አስተዳደሩ ነው፣ ልከራከረው አልችልም። ታይም ማሽኑንስ ምን ላድርገው?

ብሔራዊ_ዙሪያ፦
እንግዲያው መልሱ እሱ ነው፣ ሌሊት 8 ላይማ ሰርቨሩ ጠፍቶ ነው ያለው። ታይም ማሽን በኔትወርክ ሲሆን ሁሉንም ነገር ስፓርስባንድል በሚባል አንድ ትልቅ የዲስክ ምስል ውስጥ ነው የሚጽፈው፣ እየጻፈ እያለ ሰርቨሩ ላይ መብራት ከጠፋ ምስሉ ይበላሻል፣ ማኩ ሲፈትሸው አላመንኩትም ብሎ ከዜሮ ልጀምር ይላል። ከጥበቃው ጋር አትጣዪ፣ የባካፑን ሰዓት ወደ ምሳ አምጪው፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ማለትም ለኮምፒውተር 12፡30፣ ታይምዞኑን መጀመሪያ አዲስ አበባ አድርጊ። ቀንም መብራት ስለሚቆራረጥ ለሰርቨሩ፣ ለስዊቹና ለራውተሩ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፣ ሰርቨሩን ብቻ ብትሰኪ ኔትወርኩ ስለሚቋረጥ ያው ነው። ማታ ከመጥፋቱ በፊት ደሞ ሰርቨሩ ራሱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በስርዓት ሻትዳውን እንዲያደርግ ክሮን ላይ ጻፊለት፣ ጠዋት መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ ባዮሱ ውስጥ ማስተካከያ አለ። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ለሰርቨሩ ሌላ አይፒ እንዳይሰጠው አይፒውን ሪዘርቭ አድርጊ።

ካዛንቺስ_ኔትወርክ፦
ታይም ማሽን ላይ አንድ ልጨምር፣ ሳምባ ከ4.8 ጀምሮ በራሱ ይደግፈዋል፣ ፍሩት የሚባለው ሞጁል ውስጥ ከፍተኛ መጠን የሚወስን መስመር አለ፣ እሱን ሙዪው። ካልገደብሽው ታይም ማሽን ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ የድሮ ቅጂ እያጠራቀመ ይሄዳል፣ ከዛ ዊንዶውሶቹ ቦታ ያጣሉ። የተበላሸውን ስፓርስባንድል ቶሎ አታጥፊው፣ ስሙን ቀይረሽ አስቀምጪው፣ አዲሱ አንድ ዙር ጨርሶ አንድ የምረቃ መጽሔት ፎልደር ከሱ መልሰሽ ማኩ ላይ ከከፈትሽ በኋላ አጥፊው። ባለቤቱ ይዞት የሚሄደውንም ዲስክ ገመዱን ከመንቀልሽ በፊት አንማውንት አድርጊው፣ ኤክስኤፍኤቲ ጆርናል ስለሌለው ዝም ብሎ ሲነቀል በቀላሉ ነው የሚበላሸው።