ራንሰምዌር፦ ያለኝን ገንዘብ ለሃርድ ዲስክ ላውለው ወይስ ለአንቲቫይረስ?

ጸሐፊዋ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሦስት ዴስክቶፕ፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ የጥራዝ ማሽን። አብዛኛው ሥራዬ የተመራቂዎችን ጥናት መተየብ፣ ማስተካከልና መጠረዝ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ለምሳ እንኳ አልወጣም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዋናውን ማሽን ስከፍት የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተጨምረዋል። ወርዱም ፒዲኤፉም አልከፈት አለ። በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል፤ 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ይበቃል ይላል። ለካ ራንሰምዌር የሚሉት፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው።

ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎቹ ተጨማሪ ቅጂ፣ አልነበረኝም ማለት አይደለም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ማታ ማታ እገለብጥ ነበር። ግን ዲስኩ ከማሽኑ ተነቅሎ አያውቅም፤ እሱም አብሮ ተቆለፈ።

የ11 ተማሪዎች ሥራ ነበር። ሰባቱ በቴሌግራም የላኩልኝ ስለነበር ከዚያው መልሼ አወረድኩት። የሁለቱ የታተመ ረቂቅ ተገኘ፤ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ተየብኩት። የሁለቱ ግን ቀረ። አንዷ ከሰቃ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ፋይሉን ለእኔ ከሰጠች በኋላ ፍላሹን ለሌላ ነገር አጽድታዋለች። ስነግራት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ዝም አለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝም። ያ ዝምታዋ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግንልኝ ልጅ «ለሦስቱም ማሽን የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ግዢ፣ ባክአፕ ድካም ብቻ ነው» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ «ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዢ፣ አንቲቫይረስ ማሽኑን ከማንቀራፈፍ በቀር ጥቅም የለውም» ይላል። ለሁለቱም የሚበቃ አቅም የለኝም። የገባብኝ ከተማሪዎች ፍላሽ ይመስለኛል፤ በቀን ሃምሳ ፍላሽ ይሰካል። የተቆለፈውን ዲስክ ፎርማት አድርጊው ቢሉኝም እጄ እንቢ ብሎኝ መሳቢያ ውስጥ አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጥገና ሰው

እህቴ፣ ዲስኩን ባለማጥፋትሽ ተባረኪ። 

አራት ፊደል፣ «ሪድሚ»፣ 980 እና 490 ዶላር፣ 72 ሰዓት ስትይኝ «ስቶፕ ዲጃቩ» የሚባለው ነው የመሰለኝ። እሱ ከሆነ ፍላሾቹን በከንቱ እየወቀስሻቸው ነው። የዚህ ዓይነቱ ዋና መግቢያው ክራክ ነው። ከኢንተርኔት በነጻ የወረደ የተሰበረ ፕሮግራም፣ ወይም ቁልፍ ማመንጫ። ብዙ ጊዜ ክራኩ ራሱ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ብሎ ያዛል፤ ሰውም እሺ ብሎ በሩን ይከፍትለታል። እዚያ ሱቅ ከአንቺ ሌላ ማን ይሠራል? ከዚያ ቀን በፊት ምን እንደተጫነ ጠይቂ።

«ሪድሚ»ውን ክፈቺና መጨረሻ ላይ ያለውን የግል መለያ ቁጥር እዪ። በቲ1 የሚያልቅ ከሆነ ቫይረሱ ከላኪዎቹ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጋር ሳይገናኝ፣ ይዞት በመጣው ቁልፍ ነው የቆለፈው ማለት ነው። ለብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ቁልፎች ኤምሲሶፍት የሚባል ድርጅት በነጻ መፍቻ አዘጋጅቷል። በሌላ የሚያልቅ ከሆነ ግን ተስፋው በጣም ጠባብ ነው፤ «እፈታልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅሽን ሰው አትመኚ።

ሌላም አለ። ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም አስከትሎ ይገባል። ማሽኑን ፎርማት አድርገሽ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫኚ፤ የኢሜይልሽንና የፌስቡክሽን ይለፍ ቃል ከሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ ቀይሪ። ይህን ነገ አትበዪው።

የቡና መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ

እኔ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ነኝ። ከወንድምሽ ጋር ነኝ፤ ግን የወንድምሽ ምክር አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሁለት ዲስክ ስለተገዛ ብቻ አይሆንም፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተሰክተው መገኘት የለባቸውም።

እኛ የቡና ሒሳብ የሚገባበትን ማሽን የምናደርገው እንዲህ ነው። አንደኛው ዲስክ ሰኞ ይሰካል፣ ይገለበጥበታል፣ ይነቀላል፣ ካዝና ይገባል። ሁለተኛው ሐሙስ ይገለበጥበትና ቤቴ ያድራል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ አልረሳውም። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ የሚለው የባክአፕ ሕግ ይኸው ነው። ለአንቺ ቴሌግራም አንዱ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ክፍያም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፣ የአንድ ተማሪ ጥናት ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

ደግሞ በወር አንዴ አንድ ፋይል ከዲስኩ ላይ ሌላ ማሽን ወስደሽ ክፈቺው። እኛ አንድ ጊዜ ስንከፍት ለሁለት ወር ባዶ ፎልደር ስንገለብጥ ቆይተን አገኘነው።

ከአዲስ አበባ፣ ኔትወርክ ላይ የምሠራ

በፈረንጆቹ ሰኔ 2017 ኖትፔትያ የሚባለው ጥቃት ሜርስክን፣ ያን ግዙፍ የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት፣ ሲመታው የኔትወርኩን የተጠቃሚ መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች በመላው ዓለም ተደመሰሱ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። የተረፈውም ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። እኛ መብራት በጠፋ ቁጥር የምንናደድ ሰዎች ይህን ታሪክ ማወቅ አለብን፦ ያልተሰካ ነገር አይቆለፍም።

ግን ባክአፕ ብቻ ይበቃል በሚለው አልስማማም። ባክአፕ ፋይሉን ይመልሳል፣ የተሰረቀውን አይመልስም። እጅሽ ላይ የሰው ጥናት፣ የሰው መታወቂያ ቅጂ አለ። ስለዚህ መከላከያም ያስፈልግሻል፤ የሚከፈልበት ግን አይደለም። ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣው ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ ለሱቅሽ በቂ ነው፣ ማንም እንዳያጠፋው ብቻ። ቅንብሩ ውስጥ የራንሰምዌር መከላከያ የሚል ክፍል አለ፤ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አብሪው፤ ያልተፈቀደለት ፕሮግራም የመረጥሻቸውን ፎልደሮች እንዳይነካ ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ የምትሠሪበትንም ፕሮግራም ሊከለክል ይችላል፤ ፍቀጂለትና ቀጥዪ። ሠራተኛሽም አዲስ ፕሮግራም መጫን በማይችል አካውንት ይግባ።

አፕዴትም አትዝለዪ። ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ዓለምን ሲያናውጥ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ማሽኖችሽ ዊንዶውስ 10 ከሆኑ መደበኛው ድጋፍ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ወደ 11 የሚያድገውን አሳድጊ።

ጸሐፊዋ (ጅማ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ጠየቅኩት። ሰኞ ማታ ፒዲኤፍ ማስተካከያ ፕሮግራም ከነክራኩ አውርዶ ነበር፤ ዲፌንደሩንም ያጠፋው እሱ ነው። አልተቆጣሁትም፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ሥራው እንዲፈጥንልኝ ብሎ ነው።

ሁለት ዲስክ ልገዛ ወስኛለሁ፤ አንደኛው እናቴ ቤት ያድራል። ቁጥሩን አየሁት፣ በቲ1 ነው የሚያልቀው! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አሁኑኑ ልሞክር?

የጥገና ሰው

ቆይ። መጀመሪያ የተቆለፈውን ሁሉ ወደ አዲሱ ዲስክ ገልብጪ፤ ዋናውን አትንኪው። መፍቻውን ከራሱ ከኤምሲሶፍት ድረ ገጽ ብቻ አውርጂ፣ በዚሁ ስም የሚዞር ሐሰተኛ አለ። ሲሠራ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለዚያ ዓይነት ቁልፍ ገና አልተገኘም ካለሽ ዲስኩን መልሰሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪና ከወራት በኋላ ሞክሪ። በአንድ ፎልደር ጀምሪ፤ የሰቃዋ ልጅ ፎልደር ይሁን።