ባለ ሦስት ጎማ የልጅ ጋሪ ለኮዬ ፈጬ መንገድ ይሆናል?

የኮዬዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ሊፍት የለም። ልጃችን 5 ወሯ ነው፣ 7 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ከሕንፃው እስከ አስፋልቱ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ገና ያልተነጠፈ ኮረኮንች ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው የታወቀ ነው።

ሁለት ጋሪ አይተናል። አንዱ አዲስ ነው፤ ባለ አራት እግር፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማ ያለውና ጃንጥላ የሚሉት ዓይነት። ሌላው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ባለ ሦስት ጎማ ሲሆን ጎማው በአየር ይነፋል። ሻጩ «ይሄ መኪና በይው» ብሎኛል። ግን አይገለበጥም ወይ? ጎማው ቢተነፍስ ማን ይሠራዋል? ያገለገለ ሲገዛስ ምኑ ምኑ ይታያል?

ጎማና ኩሽኔታ

እህቴ፣ የጎማውን ብዛት ለጊዜው ተዪውና ትልቅነቱን ለኪ። የጃንጥላዎቹ ጎማ ከዳር እስከ ዳር ቢበዛ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍ በድንጋዮቹ መካከል የሚሞላው አሸዋ በዝናብ ታጥቦ ሲሄድ የሚቀረው ክፍተት እንዲህ ያለችውን ጎማ ይነክሳታል። ጎማው ባለበት ይቆማል፣ የገፊው ጉልበት ግን ይቀጥላል፤ ጋሪውም በአፍንጫው ይደፋል። የደህና ባለ ሦስት ጎማ የፊቱ 12 ኢንች (30 ሴንቲ ሜትር ገደማ)፣ የኋላዎቹ 12 ወይም 16 ኢንች ናቸው፤ ያንኑ ክፍተት ከቁብ ሳይቆጥሩት ያልፉታል። አየሩም ንዝረቱን ያበርደዋል። በየሱቁ ግን ባለ ሦስት ሆኖ ጎማው ትንሽና ደረቅ ፕላስቲክ የሆነም አለ። እሱ የሁለቱንም ጉድለት የያዘ ስለሆነ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂው።

የፊቱ ጎማ መዞርም መቆለፍም የሚችል ይሁን። ቤት ውስጥና አስፋልት ላይ ክፍት ይሁን፤ ኮረኮንችና ቁልቁለት ላይ ቆልፊው። ሳይቆለፍ ጠጠር ላይ ፈጠን ሲል ጎማው ግራ ቀኝ ይርገበገብና ድንገት በጎኑ ዞሮ ይሰካል። የተቆለፈውን ለማዞር መያዣውን ወደ ታች ጫን አድርጊና አፍንጫውን አንሺ፣ በኋላ ጎማዎቹ ታዞሪዋለሽ።

መገልበጡን በተመለከተ፣ ወደ ኋላ የሚጥለው ብዙ ጊዜ መያዣው ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ነው። ልጅቷን ባነሳሽበት ቅጽበት ጋሪው በጀርባው ይዘረጋል። ዕቃ ቦታው ከመቀመጫው ሥር ያለው ቅርጫት ነው። ወደ ጎን ደግሞ ባለ ሦስቱ በእርግጥ ከባለ አራቱ ይልቅ ስስ ነው፤ ከፊት በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሚቆም። የሚወድቀው መንገዱ ወደ ቦይ ባዘነበለበት ጠርዝ ላይ በችኮላ ሲታጠፍ ወይም አንዱ የኋላ ጎማ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ቀድሞ ሲወርድ ነው። ጠርዝ ስትወርጂ አንቺ በጀርባሽ ቀድመሽ ውረጂ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል አውርጂ።

ያገለገለውን ባዶውን አትፈትኚ። ባለ 10 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሞልተሽ መቀመጫው ላይ በቀበቶው እሰሪ፤ 10 ኪሎ አለሽ ማለት ነው። ዳገት ላይ ወስደሽ ፍሬኑን ርገጪውና ወደ ታች ግፊው። የአብዛኞቹ የእግር ፍሬን በሁለቱ የኋላ ጎማዎች እምብርት ላይ ባለ ጥርስ ውስጥ ዘንግ በማስገባት ነው የሚይዘው። አንዱን ብቻ ከያዘ ጋሪው በዚያ ጎማ ላይ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ፍሬኑን ይዘሽ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጅሽ ለማዞር ሞክሪ። ሽቦው ላልቶ ከሆነ ይጠብቃል። ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ግን የዚያ ሞዴል መለዋወጫ እዚህ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ተይው።

ከዚያ ጋሪውን ጎኑን አስተኝተሽ እያንዳንዱን ጎማ አሽከርክሪ። አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ሄዷል። ይሄ አያስፈራም፤ ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፣ አስወልቀሽ ይዘሽው ብትሄጂ ኩሽኔታ ሻጭ ጋ ተመሳሳዩ ይገኛል። የሚያስፈራው ቴላዮው፣ ማለትም የጋሪው አጽም ነው። ማጠፊያዎቹ አካባቢ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ወይም ብየዳ አርፎበት ካየሽ ሌላ ፈልጊ፤ አሉሚኒየም በየመንደሩ ብየዳ አይታመንም።

ነርስ ከጣፎ

ስለ ጋሪው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ልጅቷ ልጨምር። በ5 ወር ብዙ ሕፃናት ያለ ድጋፍ አይቀመጡም። ስለዚህ የጀርባው መደገፊያ ወደ ኋላ በደንብ የሚተኛ መሆኑን ይዩ። ቀጥ ያለ ብቻ ከሆነ ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ይወድቅና አተነፋፈሷን ይጨንቃል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ጠፍጣፋ መተኛት አለበት፤ ይህን የማይፈቅድ ጋሪ ላይ ቢያንስ እስከ 6 ወር አይቀመጥም።

ባለ ሦስት ጎማውን እየገፉ ለመሮጥ ያሰበ ካለ ይቆይ። አምራቾች ከ6፣ አንዳንዶቹም ከ8 ወር በፊት አትሩጡ ይላሉ፤ አንገቷ ያንን መንገጫገጭ ገና አይችልም።

ቀበቶው ባለ አምስት ነጥብ ይሁን፤ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ አንድ በእግሮቿ መሃል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው «ይጨንቃታል» ብሎ አያስረውም። እሱ ከሌለ ግን ሕፃን ወደ ታች ተንሸራቶ አንገቱ ቀበቶው ላይ ሊቀር ይችላል። ጥብቀቱ በደረቷና በቀበቶው መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል። ጋቢና ብርድ ልብስ ከቀበቶው በላይ እንጂ ከሥር አይደረግም፤ ከሥር ከሆነ የታሰረ ይመስላል እንጂ ቀበቶው ልል ነው።

ፀሐይ ሲበረታ ጋሪውን በነጠላ መሸፈን የተለመደ ነው። አይሁን፤ ስስ ቢሆንም አየሩ ውስጥ ይታፈናል፣ ሙቀቱ በደቂቃዎች ይጨምራል። የጋሪውን ጥላ ወደ ፀሐዩ ያዙሩ፣ ፊቷን እያዩ ይሂዱ። የዝናብ ፕላስቲኩም ዝናቡ እንዳባራ ወዲያው ይነሳ።

አራተኛ ፎቅ

ሁላችሁም መንገዱን ነው ያያችሁት፤ ደረጃውን ማን ያውጣላት? በአየር የሚነፋ ባለ ሦስት ጎማ ብቻውን ከ11 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናል። 7 ኪሎ ልጅ ሲጨመር 20 ገደማ ነው፤ ያውም አንድ እጅ የደረጃውን ብረት መያዝ እያለበት። ልጅን ጋሪ ውስጥ እንዳለች ደረጃ ማውጣት ጨርሶ አይሞከርም፤ ብዙ ሰው ከፊት የሚይዛት የእጅ መደገፊያ ብረት ለመሸከሚያ አልተሠራችም፣ ከቦታዋ ትነቀላለች።

የሚያዋጣው ጋሪውን ታች ማሳደር ነው። ሰንሰለቱ በቴላዮውና በደረጃው ብረት ይለፍ። በጎማው ብቻ ካለፈ ጎማው ቁልፍ ሲጫኑት የሚወጣ ነው፣ ጠዋት ጎማሽን ታገኛለሽ። የፊቱን ጎማ ነቅለሽ ይዘሽው ውጪ፤ በሁለት ጎማ ጋሪ ገፍቶ የሚሄድ ሌባ የለም። ለጥበቃውም ንገሪው።

ታክሲ ደግሞ ሌላ ነው። ታጥፎም ቢሆን ሚኒባስ ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ይበላል፤ ረዳቱ ሒሳብ ይጠይቅሻል ወይም ፖርቶ መጋላ ላይ ይጭነዋል። ሦስቱንም ጎማ ነቅለሽ በፌስታል ብትይዢ ቴላዮው ጠፍጣፋ ስለሚሆን ከወንበር ጀርባ የሚገባበት ጊዜ አለ። በየቀኑ ታክሲ የምትይዢ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ማዘያ ይሻልሻል። ጋሪው ለሰፈር ይሁን።

ሳልረሳው፣ የኋላውን ስፋት ለኪ። ባለ 16 ኢንቾቹ ከጎማ ጎማ ከ60 ሴንቲ ሜትር የሚያልፉ አሉ። በርሽንና የደረጃውን መታጠፊያ በሜትር ለክተሽ ሂጂ።

የኮዬዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ባለ ሦስቱን ሄጄ አየሁት። የፊት ጎማው ላይ 12 1/2 × 2 1/4 ይላል፣ የኋላዎቹ 16 × 1.75። ፍሬኑ ሁለቱንም ይይዛል። ግን የፊቱን ጎማ ቆልፌ ስገፋው ወደ ግራ ይስባል። የፊቱ ጎማ የሚፈታው ደግሞ እንደ ብስክሌት ባለች ማንሻ ነው። ይሄ ችግር አለው? አንዱ የኋላ ጎማም ተንፍሷል።

ጎማና ኩሽኔታ

ቁጥሮቹ መልካም ናቸው። ሁለቱም የልጆች ብስክሌት ልክ ስለሆኑ የውስጥ ጎማውም የላዩም ብስክሌት ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። የውስጥ ጎማውን ስትገዢ ቫልቩ እንደ መኪናው ወፍራም የሆነውን፣ ከተገኘም አንገቱ የታጠፈውን ውሰጂ። ለፊቷ ትንሽ ጎማ ቀጥ ያለው ቫልቭ የመንፊያውን አፍ አያስገባም።

ወደ ግራ የሚስበውን ከመፍረድሽ በፊት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል አስነፊ። አንዱ የተነፈሰ ከሆነ ጋሪው ወደዚያው መሳቡ የግድ ነው። ከዚያ ደልዳላ ሴራሚክ ላይ የፊቱን ቆልፈሽ ቀስ ብለሽ ገፋ አድርገሽ ልቀቂው፣ 3 ሜትር ያህል ይሂድ። አሁንም ከሳበ የፊቱን ማንሻ ፍቺ፣ ጋሪው መሬት ላይ ቆሞ ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳረፈ ዘንጉን ጎማውን ግራና ቀኝ በያዘው ሹካ ሁለት አፎች ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገቢና መልሰሽ እሰሪ። በአንድ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከታሰረ ጋሪው አይቃናም። አንዳንዶቹ ሹካው አጠገብ አቅጣጫ የሚያስተካክል ቁልፍ አላቸው፤ ወደሚስብበት ተቃራኒ ጥቂት ጥቂት እያዞርሽ ሞክሪ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ከሳበ ሹካው ወይም ቴላዮው ተጣሟል፣ አትግዢ።

ማንሻዋን በጥንቃቄ እዪአት። ከአሜሪካ የመጣ የ«ቦብ» ጋሪ ከሆነ በተለይ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. በአምራቹ ላይ ክስ የመሠረተው በዚችው ማንሻ ምክንያት የፊት ጎማቸው እየወለቀ ሰው ስለተጎዳ ነው፤ ጉዳዩ ከመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን ይመለከታል። የተሠራበት ቀን ቴላዮው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። የሌላ ስም ቢሆንም አሠራሩ አንድ ነው፤ ማንሻዋ ስትዘጋ መዳፍሽ ላይ ምልክት እስክትተው መክበድ አለባት። በአንድ ጣት የምትዘጋ ከሆነች ክፈቻት፣ በወዲያ በኩል ያለውን ዳዶ ትንሽ አጥብቀሽ ድገሚ። እንደ ቡሎን እያዞሩ ማጥበቅ ልክ አይደለም፤ ተገልብጣ ነው የምትዘጋው። በመጨረሻ የፊቱን ከመሬት አንስተሽ ጎማውን በኃይል ወደ ታች ሳቢው። ንቅንቅ ካለ አልታሰረም። ጎማውን ነቅለሽ የምታወጪ ከሆነ ይሄን ፍተሻ በየጠዋቱ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት

ስለተነፈሰው ጎማ፦ ጎሚስታ ይጠግንልሻል፣ ቤትም ይቻላል። የላዩን ጎማ በካቻቢቴ አትፈልቅቂ፣ የውስጡን ይበሳዋል፤ የሁለት ማንኪያ እጀታ ይበቃል። የውስጡን ነፍተሽ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ስትነክሪው አረፋው ቀዳዳውን ያሳይሻል። አድርቂ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፣ ማጣበቂያውን ቀቢና ውሃነቱ ጠፍቶ ጣት ላይ ያዝ እስኪያደርግ ጠብቂ፣ ከዚያ ጥጋኙን ተጫኚው። እርጥብ ሳለ የተለጠፈ በማግሥቱ ይነሳል።

ከመመለስሽ በፊት የላዩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን ዳብሺ። የግራር እሾህ ወይም የግንባታ ምስማር ጫፍ እዚያው ተሰክቶ ይቀርና የተጠገነውን መልሶ ይበሳዋል። እኛ ሰፈር ግንባታው ስላላለቀ ምስማሩ ከእሾሁ ይብሳል።

ስትነፊ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር አትለፊ፤ ብዙዎቹ ላይ 30 ወይም 35 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይላል። ለኮብልስቶን 20 እና 25 መካከል ይለሰልሳል። ጎሚስታውን «ለልጅ ጋሪ ነው፣ እየቆራረጥክ» በዪው። መኪና የሚነፋበትን ዝም ብሎ ከለቀቀው ትንሿ ጎማ በሰከንዶች ትፈነዳለች።

የኮዬዋ

ክረምት ላይ ጭቃውስ? ላቫጆ ባሳጥበው ይበላሻል?

ጎማና ኩሽኔታ

ላቫጆ ይቅርብሽ። የውሃው ግፊት ግራሶውን ከኩሽኔታው ጠራርጎ ያወጣዋል፣ ከዚያ በኋላ ያ የሚፈጭ ድምፅ ይመጣል። ዋልካው ሲደርቅ በደረቅ ብሩሽ አራግፊ፣ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ። ስትገዢ በፊት ጎማውና በሹካው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን እዪ። ከዚያ ከጠበበ ጭቃው ታጭቆ ጎማውን ያስቆመዋል፣ በየጥቂት ሜትሩ በእንጨት ስትጎረጉሪ ትውያለሽ።