ዶክመንቴሽን ውስጥ የሞቱ ሊንኮችን ማስተካከል ከየት ልጀምር?

ኮዬ ፈጬ ያለሁት

ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ ላይ አግዛለሁ። ኮዱን ብዙም አልነካም፤ የኔ ሥራ ዶክመንቴሽኑ፣ ማለትም የአጠቃቀም መመሪያው ነው።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ለክረምት ቤተሰቦቿ ጋ መጥታ ፓይተን እያስጠናኋት ነው። ባለፈው ቅዳሜ መብራት ሄደ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን፣ ከስልኬ ሆትስፖት ከፍተን፣ ላይብረሪው እንዴት እንደሚጫን የሚያስረዳውን ገጽ እናነባለን። ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የተቀመጠውን ሊንክ ስትነካው የውርርድ ድረ ገጽ ተከፈተ። ቀይና ቢጫ፣ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ክብ። ደንግጣ ላፕቶፑን ዘጋችው። «ምን ነካሁ?» አለችኝ።

እሷ ምንም አላጠፋችም። የገጹ የድሮ ባለቤት ዶሜይኑን (የድረ ገጹን ስም) ሳያድስ ቀርቶ ሌላ ሰው ገዝቶታል። እኛ ደግሞ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ወደዚያ ስንልክ ከርመናል። በጣም ነው የከነከነኝ።

በማግስቱ ሊንክ የሚፈትሸውን መሣሪያ፣ ሊንክቼክን፣ አስኬድኩ። ከ214 ሊንክ 58ቱ ችግር አለባቸው። ሌሊቱን ሙሉ አስተካክዬ በአንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጥ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ላክሁ። ሜይንቴነሩ (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድረው ሰው) በትሕትና «ይሄን ሁሉ ማየት አልችልም» ብሎ ዘጋው። አልፈርድበትም፣ 31 ፋይል ነክቻለሁ።

እንዴት ልከፋፍለው? ገጹ ጨርሶ ከጠፋስ ሊንኩን ልሰርዘው ወይስ ወደ ዌይባክ ማሽን (የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ማኅደር) ላዙረው? አንዳንዱ ደግሞ 403 (መግባት ተከልክሏል) ይላል፣ በብራውዘር ስከፍተው ግን ይሠራል።

ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ ልፋትህ አይቆጭህ። እኔ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ሜይንቴነር ነኝና በዚያኛው ወገን ያለውን ልንገርህ። ሊንክ የሚቀይር ፑል ሪኩዌስት ሲመጣልኝ እያንዳንዱን እከፍታለሁ። አዲሱ ገጽ የድሮው የሚለውን ይላል ወይ ብዬ አነባለሁ። 58 ጊዜ እንደዚያ ማድረግ ከባድ ነው። ስለዚህ በፋይል አትከፋፍለው፣ በምክንያት ክፈለው። ምክንያቱ አንድ ከሆነ እኔም አንዴ አስቤ አጸድቃለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የውርርዱን ሊንክ ብቻውን ላክ። ዛሬውኑ። እሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ነገ እዚያው አድራሻ ላይ ቫይረስ ያለበት ፋይል ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ደግሞ ልብ በል፦ ገጹ እስከተከፈተ ድረስ ሊንክቼክ 200 (ገጹ ተገኝቷል የሚል ኮድ) አይቶ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከ58ቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። «ደህና» የተባሉትን 156ቱንም በዓይንህ እያቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃሃል።

301 ያለው ለዘለቄታው ተዛውሯል ማለት ስለሆነ ወደ አዲሱ ቀይረው። 302 ጊዜያዊ ነው፣ አትንካው። ሪድ ዘ ዶክስ (ዶክመንቴሽን የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የፕሮጀክቱን ዋና አድራሻ ስትከፍት ወዳለው እትም የሚወስድህ እንደዚያ ነው። የትኛው እትም ይታይ የሚለውን ባለቤቱ ይወስን።

301 ሆኖ ወደ መነሻ ገጽ የሚወስድህን ግን አትመነው። ገጹ ጠፍቷል፣ ያልጠፋ መስሎ ነው። 403 የሚለው ብዙ ጊዜ ሮቦት የሚከለክል ሳይት ነው። በእጅህ ከፍተህ አረጋግጥና ሊንክቼክ እንዲዘለው ዝርዝር ውስጥ አስገባው፣ ምክንያቱን አጠገቡ ጽፈህ።

ቱሉ ዲምቱ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ስለጠፉት ገጾች ብቻ ልጨምር። አሠራርን የሚያስረዳ ወይም የድሮ ውይይት ከሆነ ወደ ዌይባክ ማሽን አዙረው። አድራሻው ውስጥ ቀኑ አለ፤ ዶክመንቴሽኑ ወደተጻፈበት ጊዜ የቀረበውን ቅጂ ምረጥ፣ የመጨረሻውን አይደለም። የመጨረሻው ቅጂ ራሱ የውርርድ ገጹ ሊሆን ይችላል። ስለ አጫጫን የሚያወራ ከሆነ ግን በፍጹም ወደ አርካይቭ አትላክ። የዛሬ ስምንት ዓመት መመሪያ ለጀማሪ ሰው ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። አሁን የሚሠራውን ፈልግ፣ ከሌለ ራስህ ሁለት መስመር ጻፍ።

ትራቪስ ሲአይ (ኮድን በራሱ የሚፈትን አገልግሎት) በዶት ኦርግ የነበረው በ2021 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግቢያ ፋይል) ላይ ባጁ (የፈተናውን ውጤት የሚያሳይ ምልክት) ካለ ይጥፋ። ቼንጅሎጉን (የለውጦች ዝርዝሩን) ግን ተወው። እሱ የታሪክ መዝገብ ነው።

ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ወዳለ የኮድ መስመር የሚወስዱትንም እያቸው። ፋይሉን ከፍተህ የ y ቁልፍን ስትጫን አድራሻው የኮሚት ቁጥሩን (የዚያን ጊዜውን የኮድ ቅጂ መለያ) ወደያዘው ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ኮዱ ቢለወጥም ሊንኩ ያንኑ መስመር ያሳያል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሜይንቴነሩ ንገረው፦ ሊንክቼክ በሳምንት አንዴ ይሂድ፣ በእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ላይ አይሁን። አንዲት ፊደል ሊያርም የመጣ ሰው፣ የሌላ ሰው ሰርቨር ስለተኛ ቀይ ምልክት አይቶ መመለስ የለበትም።

ኮዬ ፈጬ ያለሁት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውርርዱን ሊንክ ብቻውን ላክሁት፣ በማግስቱ ጠዋት ገባ። እውነትም ሊንክቼክ ደህና ብሎት ነበር። ከ156ቱ ውስጥ የተሸጠ ዶሜይን ሌላ ሁለት አገኘሁ።

የ301ዎቹን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠኋት፣ 19 ናቸው። አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ እየከፈተች ነው። ሰባተኛው ላይ ቆማ ጠራችኝ፦ «ይሄኛው መነሻ ገጽ ላይ ጣለኝ፤ ይቆጠራል?»